አንድ ነው ያልነው የወንዙ ትል

ሥራ ካቆምኩ ወዲህ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ሴንተር ካለው ሻይ ቤት ቁጭ ባልኩ ቁጥር አንዱ ጎልማሳ ይነሣና «ጋሽ ዳባ፣ ለመሆኑ ያን ሁሉ ዘመን ምን ነበር የሚሠሩት?» ይለኛል። «ላብ ውስጥ፣ ላቦራቶሪ» እላለሁ። «የደም ምርመራ?» ይላል። እኔን ቀድሞ ጓደኛዬ አብዱልቃድር ይቀበለዋል። አብዱልቃድር የጅማ ሰው ነው፤ ኤርፖርት ሽማግሌ በዊልቸር ሲገፋ ኖሮ አሁን ራሱ ሽማግሌ ሆኗል። አፉ አያርፍም።

«የምን ደም! መንገድ ላይ የሞተ አይጥ ሆድ እየቀደደ ወስፋት ሲለቅም ነው የኖረው!»

«አይጥ አይደለም» እላለሁ።

«ሰማችሁት? ወስፋቱን አልካደም፤ አይጡን ነው የካደው!»

ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ወስፋት ስለቅም መኖሬ እውነት ነው፤ ግን በሁለት ቃል የሚያልቅ ነገር አይደለም። ስለዚህ ልጽፈው ተነሣሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፣ እሱም ናዝሬት። እቤት በኦሮምኛ ነው የምናወራው፤ ፊደል የቆጠርኩት ግን በአማርኛ ስለሆነ የምጽፈው በአማርኛ ነው። የተጣመመውን አንባቢ ያቃናው።

አገር ቤት ሳለሁ ቄራ የሆድ ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። ሽንፍላ ታጥቦ አይጠራም ይላል ሰው። እኔ ያጠብኩት ይጠራ ነበር። ገልብጬ፣ በሙቅ ውሃ ነክሬ፣ በቢላዋ ጀርባ ፍቄ፣ እጣቢውን ቦይ ውስጥ ደፍቼ፣ ነጭ አድርጌ ነበር የማስረክበው።

እዚህ ከመጣሁ በኋላ መጀመሪያ ብሉሚንግተን ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጠብኩ። ቀጥሎ ሴንት ፖል ፓርኪንግ ጠበቅሁ፤ ክረምቱን ሁሉ በመስታወት ሳጥን ውስጥ። ክፍያው የሚወራ አይደለም። ባለቤቴ ጫልቱ ደግሞ አንድ የምርምር ሕንፃ ክሊን ታደርግ ነበር። አንድ ቀን ስትመጣ፦

«ዳባ፣ የሞተ እንስሳ የማይጸየፍ ሰው ፈልገው አጡ አሉ።»

«ምን ሊሠራላቸው?»

«ሆዱን ሊቀድላቸው።»

«ደሞዙስ?»

«ከመስታወት ሳጥንህ ይሻላል። ደሞ ቤት ውስጥ ነው፣ አይበርድህም።»

የተቀበሉኝ ዶክተር ኢንግሪድ የሚባሉ ሴት ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ገበሬ ቤት ያደጉ፣ ወሬ የማይወዱ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነው የምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ እንስሳ ተጋድሟል። ከድመት ተለቅ ይላል፣ ፊቱ ነጭ፣ አፍንጫው ሹል፣ ጅራቱ ፀጉር የሌለው። ፖሰም ይሉታል። በመልክ አይጥ ይመስላል፤ ይህንንስ አብዱልቃድር አልዋሸም። ነገር ግን እናቲቱ ሆዷ ላይ ከረጢት አላት፤ ልጆቿን እዚያ ውስጥ ነው የምታሳድገው። የአውስትራሊያው ካንጋሩ ዘመድ ናት። ከሞቃት አገር እየገፋች የመጣች ስለሆነች ሚኒሶታ ላይ የጆሮዋና የጅራቷ ጫፍ በብርድ ተበልቶ ነው ብዙ ጊዜ የምትገኘው። ወደ እኛ የሚመጡት መኪና የገጫቸው ናቸው።

«ጨጓራውን አውጥተህ እጠብ» አሉኝና ቢላዋ ሰጡኝ።

ምን አለፋችሁ፣ አጠብኩ። ሲንኩ ላይ ውሃ ለቀቅሁ፣ ገለበጥኩ፣ ፈተግሁ፣ ፋቅሁ። ነጭ አድርጌ በሳህን አቀረብኩላቸው። ዶክተር ኢንግሪድ ጨጓራውን አገላብጠው አዩትና «ትሎቹስ?» አሉኝ።

«ምንም የለበትም። ንጹሕ ነው!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ሲንኩን አዩት፣ ደግሞ እኔን አዩኝ። «እኔ የምፈልገው ጨጓራውን አይደለም» አሉ፣ «እጣቢውን ነው።»

አለቀልኝ ብዬ ኮቴን አነሣሁ።

«ወዴት ነው? እንዲህ አጥርቶ የሚያጥብ ሰው አይቼ አላውቅም። የቀረህ አንድ ነገር መማር ነው፤ አለመድፋት።»

እንዲህ ተቀጠርኩ።

መማሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ጨጓራውን በመቀስ በቁመቱ ሰንጥቀህ፣ ጨው ባለበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትዘረጋዋለህ። ግድግዳውን ነክሰው የያዙ ትሎች አሉ። ጎትተህ ብታነሣቸው ራሳቸው እዚያው ይቀራል፤ ራስ የሌለው ትል ደግሞ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ውሃው እስኪያደክማቸው ትጠብቃለህ፤ በገዛ ፈቃዳቸው ይለቃሉ። እጣቢውን በጥቅጥቅ ወንፊት አጥልለህ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ጥቁር ሳህን ላይ ትገለብጣለህ፤ በጥቁሩ ላይ ነጩ ትል ይታያል። ትልን ቀዝቃዛ አልኮል ውስጥ ከጣልከው ተጠማዞ ይሞታል፣ ተጠማዞም ይቀራል። ትኩስ ሲያገኘው ግን ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። ዶክተር ኢንግሪድ ሙቀቱን በጣታቸው እንጂ በመለኪያ አያውቁትም።

ቀጫጭኖቹን ትሎች የሚያነሡት ደግሞ በብረት አልነበረም። የዓይናቸውን ሽፋሽፍት ነቅለው፣ በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ በሙጫ አጣብቀው በእሱ ነበር። ሽፋሽፍት ለስላሳ ነው፣ ትሉን አይወጋውም። አንድ ቀን ፊቴን ትኩር ብለው አይተው፦

«ዳባ፣ ያንተ ሽፋሽፍት ቆልመም ያለ ነው።»

«ምነው?»

«ትል ያነሣል። የእኔ ቀጥ ያለ ስለሆነ ያመልጠኛል።»

ነቀልኩና ሰጠኋቸው። ማታ ጫልቱ «ሽፋሽፍትህ የት ሄደ?» ብላ ጮኸች። «ሥራ ላይ ነው» አልኳት።

ሌላ ልማዳቸው፣ ያየኸውን ከማውራትህ በፊት መሳል አለብህ። እኔ እርሳስ ከትምህርት ቤት ወዲያ አልያዝኩም። የመጀመሪያ ሥዕሌን አይተው «ይህ ገመድ ነው። ትሉን ሳል» አሉ። ሁለተኛውንም «ወፈር ያለ ገመድ ነው» አሉት። እያማረርኩ ስስል ግን ዓይኔ ቀስ በቀስ ተከፈተ። ወንዱ ጅራቱ ላይ ክንፍ የመሰለ ነገር አለው። ከንፈሩ ላይ ጥርስ አለ። ይህን ሁሉ ያኖረ ፈጣሪ የት ቁጭ ብሎ ሠራው እያልኩ መደነቅ ጀመርኩ። ቄራ ሳለሁ ስንቱን ትል በባልዲ እንደደፋሁ ሳስብ ይገርመኛል፤ አንዱንም አላየሁትም።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ራስ መቁረጥ ነው። የትልን ፊት ለፊት ለማየት ራሱን በምላጭ ስባሪ ቆርጠህ፣ ጄሎ እንደሚሉት ጣፋጭ ለስልሶ የረጋ ነገር ላይ ሽቅብ ታቆመዋለህ። የተቆረጠው ራስ ከአሸዋ ቅንጣት ያንሳል። ትንፋሽህን ትይዛለህ። አስነጠሰህ? ሄደ፤ ወለል ላይ ብትፈልገው አታገኘውም። ዶክተር ኢንግሪድ ከመቁረጣቸው በፊት ሁለቱን ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው የልባቸው ትርታ ጣታቸው ላይ እስኪታወቃቸው ይጠብቁ ነበር። «በልብህ ምት መካከል ቁረጥ» ይሉኛል። የሚያፌዙብኝ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ስሞክረው እውነት ሆኖ አገኘሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ዶክተር ኢንግሪድ እኔ ሳልመጣ፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ ብሉሚንግተን ወንዝ ዳር ከሞተ ፖሰም ጨጓራ ውስጥ ማንም ስም ያላወጣለት ትል አገኙ። በወንዙ ስም ጠሩት። በላቲን ረጅም ስም አለው፤ እኛ የወንዙ ትል ነበር የምንለው። በዚህ ሙያ ስም የሚሰጠው ለአንድ ትል ነው። ያ ትል በብልቃጥ ተቀምጦ ይኖራል፤ ሌላው እሱን ከመሰለ ስሙን ይጋራል፣ ካልመሰለው አይጋራም። ባለ ስሙ ትል እላችኋለሁ። ልጅ የላቸውም፣ ገንዘብም አላካበቱም፤ በዓለም ላይ ይህ የእኔ ነው የሚሉት ያ አንድ ትል ነበር። እንዲህ ብለው ግን አንድ ቀን አልተናገሩም፤ ብልቃጡን ሁልጊዜ በሁለት እጃቸው ሲያነሡ አይቼ ነው ያወቅሁት።

የሳምንቱን ፖሰሞች በአንድ ቀን እንከፍታለን። እጣቢውን ሁሉ አንድ ላይ አድርገን ትሎቹን በዓይነት በዓይነታቸው እንለያለን፤ የወንዙን ትል ከወንዙ ትል ጋር፣ የአንጀቱን ከአንጀቱ ጋር፣ አንድ ጠርሙስ ውስጥ። የዶክተር ኢንግሪድ ደንብ ነው። ብዙውን አንድ ላይ ካየህ የዓይነቱ መልክ ይገባሃል ይሉ ነበር፤ ደግሞም መደርደሪያው ጠባብ ነው። ለእኔ ትክክል መሰለኝ። ቄራም እንዲሁ ነው፤ ጉበት ከጉበት ጋር፣ ጨጓራ ከጨጓራ ጋር። ይህ የማን በሬ ጨጓራ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ትሎቹን ትኩሱ አልኮል ከዘረጋቸው በኋላ አብዛኛውን ጠርሙስ ፎርማሊን፣ ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚያደርገውን ፈሳሽ፣ እንሞላዋለን፤ መልኩን ሳይለውጥ ያኖረዋል። አልኮል የገባባቸው ጥቂቶቹ ናቸው፣ እነሱም ፎርማሊኑ ባለቀ ጊዜ። እንዲህ እያልን ዘመናችንን በሙሉ መደርደሪያ ሞላን።

ከዚያ የዶክተር ኢንግሪድ ዓይን እየደከመ መጣ። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብለው ቆዩና አንድ ቀን «ዳባ፣ ሳህኑ ላይ ትል አለ?» አሉኝ። ሞልቶ ነበር። በዚያው ሥራ አቆሙ፤ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ገቡ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ የሳምንቱን እነግራቸዋለሁ።

በእሳቸው ቦታ ዶክተር ሊን መጣች። ወጣት ናት፣ ፈጣን፣ ስትናገር እጇ አያርፍም። አውስትራሊያ ሄዳ የካንጋሩ ትል ስታጠና የቆየች ነች። እዚያ በዓይን አንድ ዓይነት የተባሉ ትሎች በጂናቸው ሲታዩ ብዙ ዓይነት ሆነው ተገኙ አለችኝ። ጂን ማለት ከእናት ከአባት የሚወረስ በገላ ውስጥ ያለ የዘር ጽሑፍ ነው፤ ማሽን ያነብበዋል። አሠራሯ እንዲህ ነው፦ ራሱና ጅራቱ ለዓይን ይቀመጣል፣ ከወገቡ ትንሽ ተቆርጦ ለማሽን ይሄዳል። አቆራረጡን ወደድኩት፤ ለዓይንም ለማሽንም ድርሻውን ይሰጣል። የአልኮሉን ጠርሙሶች ከፍታ ከወንዙ ትል እየቆረጥኩ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ከሳምንታት በኋላ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ዳባ፣ የወንዙ ትል ሁለት ነው።»

«አንድ ነው» አልኳት ከሳህኑ ቀና ሳልል።

«ሁለት ነው።»

«በእነዚህ ጣቶች ስንቱን እንዳነሣሁ ታውቂያለሽ? አንድ ነው።»

«መልካቸው አንድ ነው። ዘራቸው ሁለት።»

«ማሽንሽ ተሳስቷል።»

«ሊሳሳት ይችላል» አለች። ይህን ማለቷ አናደደኝ። ሽንጧን ገትራ ብትከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ግትር ነኝ። ጫልቱ እንደምትለው በቅሎ እንኳ ከእኔ ጋር ከመከራከር መንገዱን ትመርጣለች። ስለዚህ ሳልነግራት ማሽኑን ፈተንኩት። አንድ ትል ከሁለት ቦታ ቆረጥኩና የሁለት ትል ቁራጭ አስመስዬ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅዬ ላክሁ። ሁለት ዓይነት ናቸው ብሎ ቢመልስ ማሽኑን አዋርደዋለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ ዶክተር ሊን ወረቀት ይዛ መጣች።

«አንድ የሚገርም ነገር አለ። እነዚህ ሁለት ትሎች ምንም፣ ምንም ልዩነት የላቸውም። መንትያ ቢሆኑ ነው።»

«መንትያ አይደሉም። አንድ ትል ናቸው። ሁለት ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።»

እስክትቀመጥ ሳቀች። «ማሽኔን ፈተንከው?»

«አዎ።»

«ታዲያ አመንክ?»

«ማሽኑን አመንኩ» አልኳት። «ትሉን ገና ነኝ።»

ክፉው ቀን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዶክተር ሊን ከአልኮሉ ጠርሙስ አንዱን በአንድ እጇ፣ ሌላውን በሌላ እጇ ይዛ «ይህኛው ከየትኛው ፖሰም ነው የወጣው?» አለችኝ። ጠርሙሱን አየሁ። ያ ጠርሙስ የአንድ ሳምንት ፖሰም ነው፤ ከወንዝ ዳር የመጣ አለ፣ ከከተማ መሀል የመጣ አለ፣ ከሰሜን በኩል የመጣ አለ። ሁሉም አንድ ላይ። «ከሁሉም ነው» አልኳት። «ይህስ?» «ይህም ከሁሉም ነው።» አንዱ ዓይነት ወንዝ ዳር ሌላው ከተማ ይኑር እንደሆነ፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ኋላ መጥቶ እንደሆነ፣ አንዱ ጨጓራ ለሁለት የሚበቃ ይሁን አይሁን ልታውቅ ፈልጋ ነበር። መልሱ በእጃችን አልፎ ነበር፤ አንድ ላይ ደባልቀን አጠፋነው። የቀረው መደርደሪያ ደግሞ ፎርማሊን ነው፤ ፎርማሊን መልክን ሲጠብቅ የዘሩን ጽሑፍ እንደ ብርጭቆ ይሰባብረዋል። ዶክተር ሊን አልተቆጣችም። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰች። ብትቆጣ በወደድኩ። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

ለዶክተር ኢንግሪድ መንገር ነበረብን። ቅዳሜ አብረን ሄድን። መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ሰው መግባቱን ከእግራችን ኮቴ አወቁ። ዶክተር ሊን ወሬ መጀመር አቃታት።

«ስለ ወንዙ ትል ነው» አሉ ዶክተር ኢንግሪድ ራሳቸው፤ ቁራጩ ለማሽን መላኩን ቀደም ብዬ ነግሬያቸው ነበር። «ስንት ነው?»

«ሁለት» አለች።

«የትኛው ከየትኛው እንስሳ?»

እኔ መለስኩ። «አይታወቅም። አንድ ላይ ነው የጨመርናቸው።»

«ጨምሩ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ላጽናናቸው ብዬ «ቄራም እንዲሁ ነው የሚደረገው» አልኩ።

«ቄራ ነገ ሌላ በሬ ይመጣለታል» አሉ። «እነዚያ ፖሰሞች አይመጡም።»

እጃቸውንም ዶክተር ሊን ወዳለችበት ዘረጉ። «ከሁለቱ የእኔ የትኛው ነው? ስም ያወጣሁለት?»

«አላውቅም» አለች። «ባለ ስሙ ፎርማሊን ውስጥ ነው የነበረው።»

«ሳላውቅ መሞት አልፈልግም» አሉ። እንባ የለ፣ ምን የለ፤ ውሃ ስጡኝ እንደማለት ነው ያሉት።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን እሱ ሆነ። መጀመሪያ አዲስ ፖሰም ያስፈልገን ነበር፤ አንድ እንስሳ በአንድ ከረጢት፣ አንድ ጨጓራ በአንድ ሳህን፣ አንድ ትል በአንድ ትንሽ ብልቃጥ። ጠዋት ጠዋት ፒክአፕ ይዤ በወንዙ ዳር መንገድ ድራይቭ አደርጋለሁ። አንድ ቀን አብዱልቃድርን ብሉሚንግተን ላደርሰው አሳፍሬው ነበር፤ መንገድ ዳር አቁሜ አንዱን አንሥቼ በላስቲክ ጠቅልዬ ከኋላ ስጭን ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ፖሊስ ቢያቆመን ምን እንላለን?»

«ሬሳ ጭነናል እንላለን።»

«ወላሂ በአውቶቡስ እሄዳለሁ!» አለ፤ አልወረደም ግን። ቀጣዩን ቀድሞኝ ያየው እሱ ነው። «ያውልህ አይጥህ!» አለ።

የአዲሶቹ ውጤት ሲመጣ ሁለቱ ዓይነት በአንድ ፖሰም፣ በአንድ ጨጓራ ውስጥ ጎን ለጎን ተገኙ። አንደኛው ብዙ ነው፣ ሌላው ጥቂት፤ በሄድንበት ሁሉ እንዲሁ። እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው። ዶክተር ሊን እንዲህ ስትል ገለጸችልኝ፤ ሁለቱ በአንድ ጨጓራ ተቃቅፈው እየኖሩ ዘራቸው አንድ ጊዜ እንኳ አልተቀላቀለም። አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ ይጋቡ ነበር። ከአንድ ቧንቧ ውሃ እየቀዱ ጋብቻ የሌላቸው ጎረቤታሞች ማለት ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? «ሁለት ነው» አልኳት። «ሁለት ነው» አለች፤ አላፌዘችብኝም።

የቀረው ባለ ስሙ ነው። ከሁለቱ የማን ወገን እንደሆነ ለማወቅ ከወገቡ መቁረጥ የግድ ነው። በዓለም ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው። ባለ ስሙ ትል እንዲነካ ፈቃድ የሚሰጡት ኃላፊዎች የዶክተር ኢንግሪድን ቃል አምጡ አሉ። እኔ አይቆረጥም ባይ ነበርኩ፤ ቅዳሜ ስሄድም ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ፎርማሊን ሰባብሮታል። ቆርጠነው ምንም ባይነበብስ?»

«ወገቡ የጎደለ ትል ይኖረናል።»

«ያለዎት እኮ እሱ ብቻ ነው!»

«ዳባ» አሉኝ፣ «የማይነካ ነገር ጌጥ ነው። እኔ ጌጥ አላስቀመጥኩም። ቁረጠው።»

«እኔ?»

«ሌላ ማንን ላምን?»

ቆረጥኩት። ክርኔን ተክዬ እጄ እስኪሰክን ጠበቅሁ። ዶክተር ሊን ከኋላዬ ቆማ ትንፋሿን ስትይዝ ይሰማኛል። ያ ትል ከእኔ በፊት የነበረ፣ የዶክተር ኢንግሪድ የወጣትነት እጅ ያነሣው ነው፤ አርጅቶ ጠጅ የመሰለ ቀለም ይዟል። ምላጩ ሲያልፍ አልተሰማኝም። ራሱ ደኅና ነው፣ ጅራቱ ደኅና ነው። ከወገቡ የወሰድኳት ቁራጭ ከማነሷ የተነሣ ብልቃጡ ግርጌ አትታይም።

በሥራ ላይ ሳለሁ የቆረጥኩት የመጨረሻው ትል እሱ ነው። መልሱ ሳይመጣ ሪታየር አደረግሁ፤ ኬክ ቆረሱልኝ፣ ባጄን አስረከብኩ። ማሽኑ ስብርባሪውን ለማንበብ ብዙ ጊዜ ደጋገመ አሉ። እቤት ቁጭ ብዬ ስልክ ስጠብቅ ጫልቱ «ልጅ ሊወለድለት የደረሰ ትመስላለህ» ትለኛለች።

ስልኩ ሲጮኽ ዶክተር ሊን ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «ተነበበ! አጭር ነው፣ ግን ይበቃል። ባለ ስሙ ከጥቂቶቹ ወገን ነው።»

ለአፍታ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝና ተቀመጥኩ። ስሙ የጥቂቶቹ ከሆነ፣ ያ ብዙው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከጨጓራ ስለቅመው የኖርኩት፣ በዚያ ስም የጠራሁት፣ መደርደሪያውን የሞላው፣ የወንዙ ትል አልነበረም። ስም የለውም።

ቅዳሜን አልጠበቅሁም። ሴንት ሉዊስ ፓርክ ስደርስ ዶክተር ኢንግሪድ ሬዲዮ እየሰሙ ነበር፤ ዘጉት። ነገርኳቸው። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«የእኔስ አለ» አሉ። «አለ። ታዲያ ያ ሁሉ ዓመት አብሮን የነበረው ማን ነው?»

«ስም የለውም። ዶክተር ሊን ልታወጣለት ነው።»

«ስም ቀላል ነው። ስም ከማውጣቷ በፊት መልኩን መናገር አለባት። ከሰው ሁሉ አብልጠህ ያየኸው አንተ ነህ። በል ንገረኝ፣ እኔ ሰምቼው እንደማላውቅ አድርገህ።»

ይህማ ቀላል ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ ነው የማውቀው። «ራሱ ላይ ሁለት ከንፈር አለው፣ በየከንፈሩ ላይ ጥርስ…»

እጃቸውን አነሡ። «አይተህ ነው ወይስ ለምደህ?»

ያንን ትል ባየሁ ቁጥር የማየው የሌላውን መልክ ነበር፤ ስሙን አውቀዋለሁ ስል ፊቱን አንድ ቀን አልጠየቅሁትም።

«ለምጄ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው» አሉ፣ ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው፣ «ገና ማንም አላየውም።»

ሰኞ ጠዋት ወደ ላብ ሄድኩ። ባጅ ስለሌለኝ ዶክተር ሊን ወርዳ በሩን ከፈተችልኝ።

«ዳባ! ሪታየር አድርገህ የለም እንዴ? ምን ረሳህ?»

«ምንም አልረሳሁም» አልኳት። «አንድ የማላውቀው ትል አለ፤ እሱን ልየው ብዬ ነው።»